የረከሰው ሕሊና የሚያመው ነው ወይስ ዝም ያለው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ኦርቶዶክሳዊት እኅት ናት። አሠሪዎቿ የሚሰጧትን ሥጋ ትበላለች፤ በበላች ቁጥር ግን «ረከስኩ» የሚል ጭንቀት ይይዛታል፤ ከዚህ የተነሣ ጸሎቷንም አቋርጣለች። አብራት የምትሠራ ልጅ ቲቶ 1፥15ን ጠቅሳ «ለንጹሕ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ዝም ብለሽ ብዪ» ብላታለች። ሌላ የአገሯ ሰው ደግሞ «እዚያው ጥቅስ ላይ ሕሊናው የረከሰ የተባለው እንዳንቺ ያለው ነው» ብሏታል። በመልእክቷ መጨረሻ ላይ፣ የጓደኛዋን የዕቁብ ገንዘብ በአደራ ይዛ ሳለ 1,200 ሪያል አንስታ እንዳልመለሰች፣ ጓደኛዋም እስካሁን እንዳላወቀች ጠቅሳለች። «የረከሰ ሕሊና ያለኝ እኔ ነኝ? እንዴትስ ይነጻል?» ትላለች።

እኅቴ፣ ከመልእክትሽ መጨረሻ ልጀምር። ስለ ሥጋው ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ገንዘቡ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። ሐዋርያው ለቲቶ የጻፈለትን ሕሊና የሚመስለው ያ አንዱ መስመር ነው እንጂ ገጹ አይደለም። ይህን ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ገንዘቡን ማንም ሳይጠይቅሽ መጥቀስሽ ራሱ ሕሊናሽ እንዳልሞተ ያሳያል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለውብሻል፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ መለየት አለባቸው።

ጥቅሱ ከየት እንደ መጣ እንይ። ቅዱስ ጳውሎስ ቲቶን በቀርጤስ ደሴት የተወው የጎደለውን እንዲያስተካክልና በየከተማው ቀሳውስትን እንዲሾም ነው (1፥5)። እዚያ የጠበቁት ሰዎች ነበሩ፤ ይልቁንም ከተገረዙት ወገን የሆኑ አስተማሪዎች፣ የሰው ትእዛዝና የአይሁድ ተረት የሚያስተምሩ። ስለ እነርሱ የተነገረውን በቅደም ተከተል ብታነቢው ነገሩ ይገለጥልሻል፦ ቁጥር 11 ላይ ስለ ነውረኛ ረብ ብለው ቤተሰብን በሞላው ያናውጣሉ፤ ቁጥር 14 ላይ የሰው ትእዛዝ ያበዛሉ፤ ቁጥር 15 ላይ «አእምሮአቸውም ሕሊናቸውም ረክሶአል»፤ ቁጥር 16 ላይ እግዚአብሔርን እናውቃለን ይላሉ፣ በሥራቸው ግን ይክዱታል። ይህ ንጹሕ ነው ያ ርኩስ ነው እያሉ ሌላውን ያስጨንቃሉ፤ ከዚያው ሰው ቤት ጥቅም ሲያግበሰብሱ ግን ሕሊናቸው ትንፍሽ አይልም። የረከሰው ይህ ነው። መጮኽ ያለበት ቦታ ላይ ዝም የሚል፣ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ላይ የሚጮህ ሕሊና።

ስለዚህ አብራሽ የምትሠራው ልጅ ጥቅሱን የጠቀሰችው በግማሹ ነው። «ሁሉ ንጹሕ ነው» የተባለው ለፍጥረቱ፣ ለመብሉ፣ ለሚዳሰሰው ነገር ነው እንጂ ለሥራ አይደለም። ለሥራም ቢሆን ኖሮ የዕቁቡም ገንዘብ ንጹሕ ነው ማለት ነበረብን፤ እንዲህ የሚል ደግሞ የለም። ያ ሰውም ተሳስቷል። ጥቅሱ የተጻፈው ጥርጣሬ ገብቶት ለሚጨነቅ ምእመን አይደለም። ስለ አስመሳይ አስተማሪዎች የተነገረን ቃል አንሥቶ በአንዲት ምስኪን ሠራተኛ ላይ መወርወር እነዚያው የቀርጤስ ሰዎች ያደርጉት የነበረውን መድገም ነው።

ጌታችን ራሱ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ይህንኑ ጉዳይ አብራርቶታል። ከኢየሩሳሌም የመጡ ፈሪሳውያንና ጻፎች ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ስለ በሉ ይከሳሉ። መልሱ ግልጽ ነው፤ ከውጭ የሚገባ መብል ወደ ሆድ እንጂ ወደ ልብ አይገባም፣ መጨረሻውም ወደ ውጭ መውጣት ነው። ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ነው ብሎ ከቁጥር 21 ጀምሮ አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ ክፉ አሳብ፣ ዝሙት፣ መስረቅ፣ መግደል፣ ምንዝርነት፣ መጐምጀት፣ ክፋት፣ ተንኰል፣ መዳራት፣ ምቀኝነት፣ ስድብ፣ ትዕቢት፣ ስንፍና። 13 ናቸው። ከ13ቱ አንድም ምግብ የለም፤ የሰው ገንዘብን የሚነኩ ግን ቢያንስ ሦስት አሉ፦ መስረቅ፣ መጐምጀት፣ ተንኰል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዘሎ «እንግዲያው ጾምም አያስፈልግም» ይላል፤ አይከተልም። በሁዳዴ የምንተወው ሥጋ በፋሲካ የምንፈስክበት ያው ሥጋ ነው። ርኩስ ቢሆን ኖሮ በትንሣኤ ሌሊት አይነጻም ነበር። የምንጾመው ሰውነታችንን ለማስገዛት ነው፤ ጌታም ስትጾሙ እንዲህ አድርጉ ብሎ ሥርዓቱን አስተማረ (ማቴዎስ 6፥16-18) እንጂ አልሻረውም።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። ሥጋው ራሱ ካላረከሰሽ የሚሰማሽ ነገር ምንድን ነው? እዚህ ላይ መጽሐፍ ሌላ ዓይነት መርከስ ያውቃል፤ እርሱም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ነው። ቆሮንቶስ የሮማውያን ቅኝ ከተማ ነበረች፤ በገበያዋ ከሚሸጠው ሥጋ ከፊሉ በጣዖት ቤት የታረደ ነበር። ከምእመናኑ አንዳንዶቹ «ጣዖት ከንቱ ነው፣ ሥጋው ሥጋ ነው» ብለው ይበላሉ፤ በዕውቀት ደረጃ ልክ ናቸው። ሌሎቹ ግን ትናንት ከጣዖት አምልኮ የወጡ ናቸው፤ ሲበሉ አሁንም ለጣዖት የተሠዋ አድርገው ያስቡታል፤ ቁጥር 7 እንደሚለው «ሕሊናቸው ደካማ ስለ ሆነ ይረክሳል»። ልብ በዪ፤ ሥጋው አንድ ነው፣ ድስቱ አንድ ነው፣ አንዱን አላረከሰውም ሌላውን አረከሰው። ልዩነቱ ሁለተኛው ሰው ኃጢአት ነው ብሎ እያመነ ማድረጉ ነው። ይህኛው መርከስ ከቀርጤሱ ተቃራኒ ነው። እዚያ ሕሊናው ደንድኖ አይናገርም፤ እዚህ ሕሊናው ይናገራል፣ ሰውየው ግን በላዩ ላይ ይራመዳል።

ሮሜ 14 ደግሞ ሕጉን በሁለት ቁጥር አስሮ ያስቀምጠዋል። በቁጥር 14 በራሱ ርኩስ የሆነ ነገር የለም፣ ርኩስ እንደ ሆነ ለሚያስብ ግን ለእርሱ ርኩስ ነው። በቁጥር 23 የሚጠራጠር ቢበላ በእምነት ስላልሆነ ተኰንኖአል። ስለዚህ «ዝም ብለሽ ብዪ» ማለት ጥሩ ምክር አይደለም። ሕሊናን ረግጦ ማለፍን የለመደ ሰው ነገ በእውነተኛው ኃጢአት ላይም ረግጦ ያልፋል። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥2 ሐዋርያው ሕሊናቸው በጋለ ብረት እንደ ተተኰሰ ሰዎች ይናገራል፤ የተተኰሰ ቆዳ ጠባሳው ከጠና በኋላ መርፌ ቢወጉት አይሰማም። ወደዚያ የሚደርሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ ትንንሹን ማስጠንቀቂያ እየናቁ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ሕሊናን ማስተማር ነው እንጂ ማፈን አይደለም። ለማስተማር ደግሞ እውነታውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ መብላቱ ለዘመናት የቆየ የመለያ ሥርዓት ነው፤ ከሠርግ እስከ ለቅሶ በሁለት ዳስና በሁለት ድስት ስንኖርበት ቆይተናል። ይሁን እንጂ የአሠሪዎችሽ እርድ የቆሮንቶሱ ዓይነት የጣዖት መሥዋዕት አይደለም፤ ሙስሊም ሲያርድ የፈጣሪን ስም ይጠራል፣ ደሙንም ያፈስሳል። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ ለመጡት ያዘዟቸው አራት ነገሮች ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት መራቅ ነው (ሐዋርያት ሥራ 15፥29)። አንቺ የበላሽው ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአገርሽን ሥርዓት ተላልፌ ይሆን ብለሽ መጠየቅ ያስኬዳል፤ አጋንንት ገቡብኝ፣ ጸሎቴ አይሰማም ማለት ግን ከመጽሐፉ ውጭ ነው።

ሥርዓቱን በስደት አገር እንዴት ትጠብቂው የሚለውን የሚወስነው የንስሐ አባትሽ ነው፤ በስልክም ቢሆን ጠይቂው። ስትጠይቂው «ሥጋ በላሁ» ብቻ አትበዪ። ሌላ ምግብ አለ ወይስ የለም? አልበላም ብትዪ ሥራሽ ላይ ችግር ያመጣል? ክርስቲያን መሆንሽን ያውቃሉ? መልሱ በእነዚህ ላይ ይወሰናል። እስከዚያው የሚያቀርቡልሽን ሩዝ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አትክልት ብዪ። ዓሣ አይታረድም፤ ያ ጥያቄ እርሱ ላይ የለም። ከሥጋው በቀር የሚበላ ጠፍቶ ተርበሽ ከበላሽ ደግሞ ዳዊትን አስቢ፤ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን የመሥዋዕት ኅብስት ተርቦ በላ፣ ጌታም ጠቅሶ አልነቀፈውም (1ኛ ሳሙኤል 21፥6፤ ማርቆስ 2፥25-26)። በዚህ ሁሉ መካከል ጸሎትሽን ማቋረጥሽ ነው ከሁሉ የከፋው። መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም ይላል 1ኛ ቆሮንቶስ 8፥8፤ ባንበላ የሚጎድለን፣ ብንበላም የሚተርፈን የለም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት «አቡነ ዘበሰማያት»ን ዛሬውኑ ጀምሪ።

«ረከስኩ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው ላይ የሚያመጣው ግራ መጋባት ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኦሪት መርከስና ኃጢአት አንድ አይደሉም። አባቱ የሞተበት ልጅ ሬሳውን አጥቦ ቢቀብር ትእዛዝ ፈጸመ እንጂ አልበደለም፤ ግን 7 ቀን ርኩስ ነው። ሴት መውለዷ ቡሩክ ነገር ነው፤ ግን በዘሌዋውያን 12 ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን የመንጻት ጊዜ አላት። እኛም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የምናስጠምቀው ከዚሁ ቁጥር ጋር ይዛመዳል። ሬሳ የነካው ሰው የሚነጻበት መንገድ በዘኍልቍ 19 ተጽፏል፦ ነውር የሌለባት፣ ቀንበር ያልተጫነባት ቀይ ጊደር ከሰፈር ውጭ ትታረዳለች፤ ከዝግባ እንጨት፣ ከሂሶጵና ከቀይ ግምጃ ጋር ሙሉ በሙሉ ትቃጠላለች፤ አመዱ በንጹሕ ስፍራ ይቀመጣል። ሰው ሲረክስ ከአመዱ ጥቂት በዕቃ ተደርጎ የምንጭ ውኃ ይጨመርበታል፣ በሂሶጵ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ይረጫል፤ ከዚያ ልብሱን አጥቦ ገላውን ታጥቦ በማታ ንጹሕ ይሆናል። አመዱን የሚያከማቸውና ውኃውን የሚረጨው ሰው ሳይቀር እስከ ማታ ይረክሳል። ይህን የሠሩ ሰዎች ማታ ላይ በደል ሠርተናል ብለው አያለቅሱም ነበር፤ የሥርዓት ጉዳይ ነውና በውኃና በጊዜ ያልቃል።

ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተጻፈው መልእክት ይህን ሁሉ እያሰበ ነው የሚናገረው። በ9፥13-14 የጊደር አመድ ሥጋን ለማንጻት ከቀደሰ፣ የክርስቶስ ደም ሕያው እግዚአብሔርን ታመልኩ ዘንድ ከሞተ ሥራ ሕሊናችሁን እንዴት ይልቅ አያነጻም ይላል። ከዚያ በፊት በቁጥር 9 የቀድሞው መሥዋዕት የሚያመልከውን ሰው በሕሊናው ፍጹም ሊያደርገው እንደማይችል ተናግሯል። ምክንያቱም አመድና ውኃ ቆዳ ላይ ያርፋሉ፤ ወደሚያውቀው፣ ወደሚያስታውሰው ቦታ አይደርሱም። ስለዚህ ሥጋ በበላሽ ቁጥር ደጋግመሽ መታጠብሽ (ጽፈሻል) የማይደርስበት ቦታ ላይ ውኃ መድፋት ነው። እግረ መንገዴን፦ መታጠቡና «ረከስኩ» የሚለው ሐሳብ ቀኑን ሙሉ የማይለቅሽ፣ ሥራና እንቅልፍ የሚከለክልሽ፣ ከተናዘዝሽም በኋላ የሚመለስ ከሆነ ይህ የሕሊና ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በሐኪም የሚታከም ጭንቀትም እንዲህ ይመጣል። ከንስሐ አባት ጎን ለጎን ሐኪም ማየት እምነት ማነስ አይደለም።

አሁን ወደ 1,200ው ሪያል። የሞተ ሥራ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የሚነጻበትም መንገድ በመጽሐፍ በደንብ የተሠራ ነው። ዘሌዋውያን 6፥1-7 አደራውን የካደን፣ ባልንጀራውን ያታለለን ሰው በስም ጠቅሶ ይናገራል፤ ያንቺው ጉዳይ ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ፦ መጀመሪያ ዋናውን ገንዘብ ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፣ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የበደል መሥዋዕቱን ወደ ካህኑ የሚያመጣው። ገንዘቡ ቀድሞ፣ መሥዋዕቱ ተከትሎ። በዚያ ስሌት 1,200 የወሰደ 240 ጨምሮ 1,440 ይመልሳል። ዘኬዎስ ከዚህም አልፎ አራት እጥፍ አለ (ሉቃስ 19፥8)። በሐዲስ ኪዳን ጭማሪው እንደ ሕግ አልታዘዘብንም፤ ዋናውን መመለስ ግን ምንም የማያስቀረው ነው፤ ጭማሪውን ብትችዪ ጥሩ፣ ካልቻልሽ የንስሐ አባትሽ ይወስን። ጌታም በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ገንዘቡን ለባለቤቱ ከመመለስ ይልቅ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ያስገባል፣ ጧፍና ጃንጥላ ይገዛበታል፣ ለነዳያን ይመጸውትበታል። ቅዱስ ስለሆነ ይሻላል ብሎ ነው። በማርቆስ 7፥11 ጌታ የነቀፈው ቁርባን ይህ ነው፦ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ መከልከል። የጓደኛሽ ገንዘብ የጓደኛሽ ነው፤ እግዚአብሔር ከሌላ ሰው ኪስ ስለት አይቀበልም። ወደ ካህኑ የሚሄድበት አንድ ሁኔታ ብቻ ነው በኦሪት ያለው፤ የተበደለው ሰው ሞቶ የሚቀበል የቅርብ ዘመድ ከሌለው (ዘኍልቍ 5፥8)። ጓደኛሽ በሕይወት አለች፣ ስልኳም አለሽ።

ሁለተኛው ስሕተት ኑዛዜን ማድበስበስ ነው። «አባ፣ ብዙ ኃጢአት አለብኝ፣ ይፍቱኝ» ብሎ መጨረስ። ማንን፣ ስንት፣ መቼ፣ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም የሚለው ሳይነገር የተሰጠ ቀኖና ያልታየ ቁስል ላይ መድኃኒት እንደ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የወሰዱትን ሳይመልሱ ስግደት ማብዛት ነው፤ ሺህ ስግደት 1,200 ሪያል አይሆንም።

ለጓደኛሽ በግልጽ መንገር ነው የሚሻለው፦ «የዕቁብሽን ገንዘብ በአደራ ስይዝ 1,200 ሪያል አንስቻለሁ፣ ነገርኩሽ፣ ይኸው» ብለሽ። ሙሉውን አሁን ካላገኘሽ ከደመወዝሽ ስንት በየወሩ እንደምትከፍዪ ንገሪያትና በባንክ ወይም በሐዋላ ላኪ፤ ደረሰኙን ያዢ። ዕቁቡ ላይ ሌሎች ሰዎች ካሉና ነገሩ ወደ ጠብ የሚያመራ መስሎ ከታየሽ የንስሐ አባትሽ ወይም የምታምኝው ሽማግሌ በመካከል ይግባ። መመለሱ ግን እርሷ በመቆጣቷ ወይም ባለመቆጣቷ ላይ አይመሠረትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚወቅስሽ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ሊቀር ይችላል። ሥራው ከተሠራ በኋላ የቀረ ወቀሳ አዲስ ማስረጃ አይደለም። በ1ኛ ዮሐንስ 3፥20 ልባችን ቢፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው፣ ሁሉንም ያውቃል ተብሏል። በተቃራኒው ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥4 በራሴ ላይ የማውቀው ነገር የለም፣ ነገር ግን በዚህ አልጸደቅሁም፣ የሚፈርድብኝ ጌታ ነው ይላል። ሕሊና ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ሲከስሽም ሲያመሰግንሽም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ለመቁረብ ስትዘጋጂ የሚታየው የተሰማሽ ስሜት ሳይሆን ገንዘቡ መመለሱ፣ ኑዛዜው በትክክል መነገሩና የንስሐ አባትሽ ቀኖናሽን ጨርሰሻል ማለቱ ነው። ስለ ሥጋው የሚሰጥሽን መልስ ደግሞ አጥብቀሽ ያዢ፤ አንዴ «ብዪ» ወይም «ተዪ» ከተባልሽ ሌላ ሰው ጥቅስ ይዞ በመጣ ቁጥር እንደገና አትጀምሪው።